ይህን ጆንያ ማን ሰፋው?

ከቀኝ ጉልበቴ ዝቅ ብሎ የመሀል ጣት የሚያህል ጠባሳ አለኝ። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ እንጨት ስፈልጥ ምሳሩ ነጥሮ ያተረፈልኝ ነው። ጠባሳ ያው ጠባሳ ነው፤ የእኔን ልዩ የሚያደርገው ስፌቱ ነው። ሰባት ቦታ ላይ እንደ መቶ እግር እግሮች ግራና ቀኝ ተንሰራፍቷል፤ አንዱ ወደ ላይ ሲሄድ ሌላው ወደ ታች ይሄዳል። መሀሉ ላይ ቆዳው ተነባብሮ እንደ ከረጢት አፍ ጉብ ብሏል። ስሙን በማላነሳው ጤና ጣቢያ የሰፋኝ ልጅ እግር ተለማማጅ ነበር። እጁ ሲንቀጠቀጥ ዛሬም ይታየኛል። ዋናው ድሬሰር በር ላይ ቆሞ ከሰው ጋር እያወራ አልፎ አልፎ ዘወር ይልና "አይዞህ፣ ቀጥል!" ይላል። አይዞህ የተባለው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ማታ እናቴ ፋሻውን ገልጣ አየችና፣ "ይህን ጆንያ ማን ሰፋው?" አለች።

እናቴ ይህን የማለት መብት ነበራት። በሰፈራችን ቀሚስ የሚጠለፍ ከሆነ ወደ እሷ ነበር የሚመጣው። (በነገራችን ላይ አማርኛችን ጥልፍ ለሚሠራውም፣ የሰው ልጅ በጉልበት ለሚወስደውም አንድ ግስ መስጠቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እናቴን "ጠላፊ" ያላት ሰው አልነበረም፤ "ባለ ጥልፏ" ነበር የምትባለው።) የሌላ ሰው ጥልፍ ሲያሳዩዋት ፊቱን አታይም፤ ገልብጣ ጀርባውን ነው የምታየው። ክሩ ከጀርባ የተዝረከረከ፣ ቋጠሮው የተንጠለጠለ ከሆነ ምንም ሳትናገር አጥፋ ትመልሳለች። ፊቱ ለእንግዳ ነው፤ የሠሪው ማንነት ያለው ከጀርባው ነው ባይ ነበረች።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የእህቴ ልጅ ነው። የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነው፤ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በሁዳዴ እህቴን ልጠይቅ ቤቷ ብቅ ስል ጠረጴዛው ላይ ሙዝ ተደርድሯል። ጾመኛ ነኝና ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ሙዙ ሁሉ ተሰፍቷል! ልጣጩ በምላጭ ተሰንጥቆ፣ በጥቁር ክር ተገጣጥሞ፣ በረድፍ ተኝቷል። የመሳቢያው እጀታ ላይ ሃምሳ ይሁን ስልሳ ቋጠሮ ያለበት ክር ተንጠልጥሏል። የሶፋው ትራስ ስፖንጅ ወጥቶ፣ ተቀዶ፣ እሱም ተሰፍቷል።

"እይልኝ እንግዲህ!" አለች እትዬ፤ "የዶሮ ብልት ላይ ልለማመድ ብሎኝ ነበር። በሁዳዴ ዶሮ ደጄን አይረግጥም አልኩት። ሙዙንም ቢሆን ሰፍቶ ሲጨርስ እዚያው ይበላታል፤ እህል ላይ አይቀለድም።"

ልጁ ቀና ሳይል፣ "ጋሼ፣ ኦፕሬሽን ክፍል ገብቼ መርፌ የምይዝባት ጊዜ አጭር ናት" አለኝ። "እጄ እዚያ ገብቶ መማር የለበትም፤ ተምሮ ነው መግባት ያለበት።"

ይቺ አነጋገር ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። ጉልበቴን እየዳበስኩ ስለ አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ከዓመታት በፊት ያነበብኩትን ማውጠንጠን ያዝኩ። (ከዚህ በታች "ዓ.ም" ብዬ ካልለየሁት በቀር ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ጁን 24 ቀን 1894፣ እሑድ ማታ። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ከተማ ውስጥ የተዘጋጀውን ትልቅ ኤግዚቢሽን ሊጎበኙ መጥተው በሠረገላ ሲያልፉ ሳንቴ ካዜሪዮ የሚባል የሃያ ዓመት ጣሊያናዊ ሠረገላው ላይ ዘልሎ በጩቤ ወጋቸው። ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ አናርኪስት። ጩቤው ወደ ጉበት ደም የሚያደርሰውን ትልቁን ሥር ቆርጦታል። ሐኪም አልጠፋም፤ ሊዮን በቀዶ ሐኪሞቿ የታወቀች ከተማ ነበረች። ሆዳቸው ተከፈተ። ነገር ግን የዚያ ዘመን ሐኪም የተቆረጠ ደም ሥር በክር ማሰር እንጂ መልሶ መስፋት አይችልም ነበር። የታሰረ ሥር ደም አያሳልፍም፤ አንዳንዱ ሥር ደግሞ ሊታሰር አይችልም። ፕሬዚዳንቱ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሞቱ።

በከተማው አሌክሲስ ካሬል የሚባል የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ቀርቶታል። ሰውዬው የሞቱት መስፋት የሚችል እጅ በመጥፋቱ ነው ብሎ ከታላላቆቹ ጋር ተከራከረ ይባላል። ተማሪ እንዲህ ሲል የሚሰጠው መልስ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ነው፤ ዝም በል ይባላል። ካሬል ዝም አለና መርፌ ፍለጋ ሄደ።

ደም ሥር መስፋት ለምን ያን ያህል እንደሚያስቸግር በደንብ የገባኝ የእህቴ ልጅ ሲያስረዳኝ ነው። ደም ሥር ማለት ተቀቅሎ የለሰለሰ ማካሮኒ በሉት። ያሟልጫል፤ ሲቆረጥ ይሸሻል፣ ይኮማተራል። በወፍራም መርፌ ከወጋኸው ይተረተራል። ክሩን አጥብቀህ ከሳብከው አፉ ተሰብስቦ ይጠባል፤ ካላላኸው ያፈሳል። ከሁሉ የከፋው የውስጡ ገበር ነው። ገበሩ ከተጫረ፣ ወይም የክር ጫፍ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከገባ፣ ደሙ እዚያች ላይ ይረጋና መንገዱን ይደፍነዋል። ስፌቱ ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ ሰውዬው ግን ይሞታል። እናቴ ብትኖር ኖሮ "ጀርባውን ሳታዩ ነዋ!" ትል ነበር።

ከካሬል በፊት የሞከሩ ነበሩ፤ እዚያው ሊዮን ውስጥ ማቲዩ ዣቡሌ አንዱ ነው። ካሬልን የጠቀመው ግን የተወለደባት ከተማ ነች። ሊዮን የሐር ከተማ ናት። ዣካር የተባለው ዝነኛ የሽመና መሣሪያ የተሠራው እዚያ ነው፤ የካሬል አባትም የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሐኪሞቹ የሚጠቀሙበት መርፌ ለደም ሥር የማይሆን ሻካራ ነገር መሆኑን ሲያይ ከመርፌና ክር ሱቅ እጅግ ቀጫጭኑን መርፌና የሐር ክር ገዛ። ቀጥሎ ያደረገው ነው እኔን የሚገርመኝ። ማሪ አን ሌሩዲዬ ወደሚባሉ የሊዮን ጥልፍ ሠሪ ዘንድ ሄዶ ያስተምሩኝ አለ።

እስቲ አስቡት። ዘመኑ ሐኪም ባርኔጣውንና ከዘራውን ይዞ በኩራት የሚሄድበት ነው። አንድ ወጣት ሐኪም ከባለ ጥልፍ ሴት አጠገብ ተቀምጦ መርፌ አያያዝ ይማራል። በኋላ በእንስሳት ላይ ሠርቷል፤ አስቀድሞ ግን በቀጭን መርፌና በሐር ክር ወረቀት ይሰፋ ነበር፤ ክሩ በፊቱም በጀርባውም የማይታይ እስኪሆን ድረስ። ወረቀት ቀልድ አያውቅም፤ ከተሳሳትክ ይቀደዳል፣ የተወጋበት ቀዳዳም አይጠፋም። በዚያ ላይ አይታመምም፣ አይጮህም፣ እንደ እኔ ጠባሳውን ይዞ ሃምሳ ዓመት አይዞርም።

የካሬል ትልቁ ዘዴ ከሐኪም ቤት ይልቅ የልብስ ሰፊ ቤት ይሸታል። ክብ ነገር መስፋት ከባድ ነው፤ ሸሚዝ ላይ እጅጌ ገጥሞ የሚያውቅ ሁሉ ይህን አይስተውም። ካሬል የተቆረጡትን ሁለት አፎች ያገናኝና ዙሪያውን በእኩል ርቀት ሦስት ቦታ ላይ በክር ይይዛቸዋል። ሦስቱን ክሮች በሦስት አቅጣጫ ወጠር ሲያደርጓቸው ክቡ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ሦስት ማዕዘን ደግሞ ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር እንደ ጠርዝ መዘምዘም ይቻላል። መርፌውንና ክሩን ቫዝሊን ይቀባዋል፤ ክሩ ሲያልፍ ገበሩን እንዳይቦጭቀው፣ ደሙም እንዳይረጋበት። ይህንኑ በ1902 ሊዮን ውስጥ በሚታተም የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በአገሩ ለሹመት የሚያበቃውን ፈተና ማለፍ አቅቶት በ1904 ባሕር ተሻገረ፤ ቺካጎ ከቻርልስ ጋትሪ ጋር ሠራ፤ በ1906 ኒውዮርክ ሮክፌለር ተቋም ገባ፤ በ1912 ስለ ደም ሥር ስፌትና ስለ አካል ንቅለ ተከላ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ብቻውን። ጋትሪ የለበትም፤ ስለ ባለ ጥልፏማ ማን ያስባል? ካሬል በኋላ ዘመኑ ክፉ ሐሳብ ውስጥ ገብቷል። በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ አንዳንድ ወንጀለኞች በጋዝ ቢወገዱ ይሻላል ብሎ ጽፏል። በዚህ የተነሳ ሊዮን ውስጥ በስሙ የተሰየመ የሕክምና ፋኩልቲ በ1996 ስሙ ተቀይሯል። እጅ የሠለጠነ ስለሆነ ልብም ይሠለጥናል ማለት አይደለም፤ ይህን ሳልጠቅስ ሰውየውን ባሞግስ ውሸታም እሆናለሁ። ስፌቱ ግን ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በ2015 አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር፣ የተሰጠው ኩላሊት ደም ቅዳና ደም መልስ ከተቀባዩ ሥር ጋር በመርፌና በክር መገጠም ነበረበት፤ ሌላ መንገድ የለም።

የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝና ቃል ሳልፈለፍል አላልፍም። ፈረንጆቹ ቀዶ ሐኪሙን የሚጠሩበት ቃል ከግሪክ የመጣ ነው፤ "እጅ" እና "ሥራ" ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጣጠመ። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ብንመልሰው ምን ይሆናል? "ባለ እጅ"! እኛ አገር ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን የሰደብንበት ቃል። ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ስንለው የኖርነውን ሰው ማለት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ፈረንጁም ቢሆን ከእኛ አልተሻለም ነበር። ላቲን የሚያነበው ሐኪም በሽተኛውን በእጁ አይነካም፤ መቁረጡን ለጸጉር አስተካካዩ ይተውለታል። እንግሊዝ ውስጥ ቀዶ ሐኪሞችና ጸጉር አስተካካዮች ከ1540 እስከ 1745 ድረስ አንድ ማኅበር ነበሩ። እዚያ አገር ቀዶ ሐኪም ዛሬም "ዶክተር" ሳይሆን "ሚስተር" ተብሎ ይጠራል። ድሮ የንቀት ነበር፤ አሁን ደግሞ ይኮሩበታል።

የእኛ "ቀዶ ጥገና" ደግሞ ከሁሉ ይበልጥብኛል። መቅደድና መጠገን። ቀደዳውማ ምን ችግር አለው? ምሳርም ይቀዳል፤ ጉልበቴ ምስክር ነው። ልፋቱ ያለው ጥገናው ላይ ነው።

የሙዙም ነገር ቢሆን አዲስ እንዳይመስላችሁ። ሕንዶች ሱሽሩታ ሳምሂታ የሚሉት የሕክምና መጽሐፍ አላቸው፤ ዕድሜው ከሺህ አምስት መቶ ዓመት አያንስም። ተማሪው ሰው ከመንካቱ በፊት በምን በምን ላይ እንደሚለማመድ ዘርዝሯል፦ መሰንጠቅ በቅል፣ በዱባ፣ በሐብሐብና በኪያር፤ መብጣት ውኃ ወይም ጭቃ በሞላ የቆዳ ከረጢት፤ ደም ሥር መውጋት በሞተ እንስሳ ሥርና በውኃ አበባ አገዳ፤ ጥርስ መንቀል በሞተ እንስሳ ጥርስ፤ መስፋት በወፍራም ጨርቅና በለስላሳ ቆዳ። ፋሻ መጠቅለልን የሚማረው በሰው ቁመት በተሠራ አሻንጉሊት ላይ ነው። መጽሐፍ ብቻ ያጠና፣ እጁን ግን ያላሠራ ተማሪ ለሥራው ብቁ አይደለም ይላል። ቅሉ ከጓሮ፣ ዱባውም ከማጀት ይገኛል፤ እንዲያ ከሆነ የእህቴ ልጅ ምን አጠፋ?

ይህን ሕግ በኋላ የመጣው ዓለም ረሳው ወይም ሊረሳው ፈለገ። ለምን ቢባል፣ ከቅልና ከዱባ ይልቅ በቀላሉ የሚገኝ ሌላ መለማመጃ ስለነበረ ነው፤ ድሃ። በአውሮፓም በአሜሪካም የነጻ ሕክምና ክፍሎች ሲቋቋሙ በሽተኛው ሒሳቡን የሚከፍለው በሰውነቱ ነበር። ሀብታሙን አዋቂው ይሰፋዋል፤ ድሃውን ደግሞ ተማሪው። "በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት" የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ተረት አይደለም፤ የትምህርት ዘዴ ነው። እኔም ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ የተጋደምኩት በዚያ ዘዴ ነው። ያን ተለማማጅ ዛሬ አልቀየመውም። ከእኔ ጉልበት በፊት ማንም ትራስ እንኳ አልሰጠውም።

"ሬዚደንት" ማለት "ነዋሪ" ማለት ነው። በ1889 በተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዊልያም ሃልስቴድ የዘረጋው ሥልጠና ተማሪውን እዚያው ግቢ ውስጥ የሚያኖር ነበር። ቀንም ሌሊትም እዚያው ነው፤ እጁ በብዛት ይማራል፣ ዐይኑ ግን በእንቅልፍ ይጠፋል። እንቅልፍ ያጣ ሐኪም ሰው ሊጎዳ እንደሚችል አምነው አሜሪካኖቹ በ2003 የሬዚደንቱን ሥራ በሳምንት ሰማንያ ሰዓት ገደቡት። (ሰማንያ ሰዓት ቅናሽ መሆኑ ነው!) ሰዓቱ ሲያጥር ልምምዱ የት ይሂድ? ወደ ቤት መጣ። በ2020 ኮሮና አስቸኳይ ያልሆነውን ኦፕሬሽን ሁሉ ሲያስቆም በየአገሩ ያሉ ተለማማጆች የጫማ ካርቶን በስተው፣ ሞባይላቸውን እንደ ካሜራ አስቀምጠው፣ ሆድ ሳይከፈት በቀዳዳ የሚሠራውን ቀዶ ሕክምና ካርቶን ውስጥ ሲለማመዱ ከረሙ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ቤት ውስጥ ብቻውን ሺህ ጊዜ አጣሞ የቋጠረ ሰው ያተረፈው የጠነከረ ጠማማነት ነው። እጅ ስህተቱንም እንደ ትክክሉ አድርጎ ይለምደዋል። የካሬልን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ወረቀቱን ያነሳሉ፣ መርፌውን ያነሳሉ፤ አጠገቡ ተቀምጠው "እንዲህ አይደለም" ያሉትን ሴት ግን እንደ ማጣፈጫ አድርገው ያልፏቸዋል። ለእኔ የነገሩ እምብርት እሳቸው ናቸው። ያለ እሳቸው ወረቀቱ ወረቀት ነው።

ምሳሌ ለማግኘት ሊዮን ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በ1962 በምጥ ተጎድተው ከገጠር አዲስ አበባ ሲመጡ ማንበብም መጻፍም የማያውቁ ወጣት ነበሩ። ያከሟቸው ከአውስትራሊያ የመጡት ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን ናቸው። ከዚያ በኋላ እዚያው ቀሩ። አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ፤ ኦፕሬሽን ክፍል ገብተው መሣሪያ አቀባይ ሆኑ፤ ሲያቀብሉ አዩ፤ ሲያዩ ሬጂናልድ ሐምሊን መርፌውን ሰጥተው አጠገባቸው ቆሙ። ቆይተው የአገር ውስጡንም ከውጭ የሚመጣውንም ዶክተር የፊስቱላ ስፌት አስተማሩ። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ለሐምሊኖቹ ሲሰጥ እሳቸውም አብረው ተሸልመዋል። ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም። የምለው ዲግሪ ያለው ዶክተር ከእሳቸው ጎን ቆሞ "እሺ፣ እንደገና ያሳዩኝ" ሲል ያደረገውን ነገር ነው። ካሬል ያደረገው ያንኑ ነው።

እንግዲህ ወደ እህቴ ቤት ልመለስ። ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ልጁ ስፖንጁን ሰፍቶ ጨረሰና ለእኔ አሳየኝ። ስምንት ስፌት፤ እኩል የተራራቀ፣ ቀጥ ያለ። ጉልበቴ ቀናበት። "ድንቅ ነው!" አልኩ፤ እኔ ምን አውቃለሁ? እትዬ ስኒ እያነሳች ቆም ብላ አየችው። ከእናታችን የጥልፉን እጅ የወረሰችው እሷ ናት፤ እኔ የወረስኩት ነገር ማውራቱን ነው። መነጽሯን ከአናቷ ወደ ዐይኗ አወረደች።

"እስቲ ገልብጠው" አለችው።

"እማዬ፣ የቆዳ ስፌት እኮ በዚያ በኩል አይታይም።"

"ገልብጠው አልኩህ።"

ገለበጠው። ጎንበስ ብላ አየች። በጥፍሯ ሦስተኛውን ስፌት ነካ አደረገችው፤ ከዚያ አምስተኛውን። ከጥልፍ ሙዳዩዋ ትንሿን መቀስ አወጣችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"እነዚህን ሁለቱን ፍታቸው" ብላ ስኒዎቿን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።